አምባራችሁን እንደ በር አትክፈቱት፤ የብር አምባር አለካክ፣ አደራረግና አያያዝ

አያቴ የሰጠችኝን የብር አምባር የሰበርኩት እኔው ነኝ። አልጣልኩትም፣ አልረገጥኩትም። ጠዋት ሳደርገው ሳብ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ካደረግኩት በኋላ ጠበብ አደርገዋለሁ። ማታ ሳወልቀው እንደገና ሳብ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀጭ አለና ግማሹ ጭኔ ላይ ወደቀ።

ስባሪውን ይዤ አንጥረኛ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው ሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ገጠሟቸውና ወደ መስኮቱ ዞር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄን እንደ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ ጋሼ።»

«ብር እኮ ይደክማል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብር ሲታጠፍ ይጠነክራል። ጠንከር ሲል ደግሞ ይደርቃል። ሽቦ በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ቆርጣችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አምባርም የሚሰበረው በዚያው መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ዓመታት መፍጀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጫፉ የማይገናኝ ክፍት አምባር አንዴ በልክ ይሠራል፣ ከዚያ ቅርጹ አይነካም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ይህን ለማድረግ የሚረዳ ነው።

ስለ ብሩ ጥቂት

ንጹሕ ብር ለአምባር አይሆንም። በጣም ለስላሳ ስለሆነ ቅርጹን አይዝም። ስለዚህ መዳብ ይገባበታል። የተለመደው 925 የሚባለው ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ። ድሮ ግን ጌጥ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጠገራ ብር፣ ማለትም የድሮው የብር ገንዘብ፣ እየቀለጠ ነበር። አንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ገደማ ብር ነው። መዳቡ ከ925 ስለሚበዛ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሲያልብም ቆዳ ላይ አረንጓዴ ነገር ሊተው ይችላል። በሽታ አይደለም፣ በሳሙና ይለቃል።

በነገራችን ላይ ጠገራው ላይ ያለው 1780 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። «1780 ይላል፣ ይሄ የጥንት የጠዋት ነው» የሚላችሁን ነጋዴ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

በእጅ የተሠራ አምባር ላይ የ925 ማህተም ላይኖር ይችላል። ማህተም ስላለውም ብቻ ብር ነው ማለት አይደለም። የሚያጠራጥር ነገር ከገጠማችሁ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉት። ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ነሐስንም ማግኔት አይስበውም።

የተሻለው መንገድ የውሃ ሚዛን ነው። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም፣ እንደ ወርቅ ቤት ያለ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። አምባሩን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ኩባያ አስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ አድርጉት። አምባሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው አምባሩ የገፋውን ውሃ ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ። 10 ከምናምን ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ 925 ብር 10.36 አካባቢ ነው። 8 ከምናምን ከመጣ ነሐስ ነው፣ ወይም ደግሞ ብር የሚመስል የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ። ፈርጥ ላለበት ወይም ውስጡ ባዶ ለሆነ አምባር ይሄ አይሠራም።

ልክ መውሰድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። የኅዳር ጠዋት ብርድ እጅን ያኮማትረዋል። በዚያ ሰዓት የተለካ አምባር ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጥብቅ ይላል። እዚያ ከፍታው ከደብረ ብርሃን ግማሽ በታች ነው፤ ሙቀቱ እጅን ነፋ ያደርገዋል። ጥምቀት ላይ ታቦት ተከትላችሁ ስትሄዱም እንዲሁ ነው። እጅ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲውል ያብጣል። ለበዓል ብላችሁ ያሠራችሁት አምባር በበዓሉ ቀን ቢያስጨንቃችሁ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ በሉ። ልብስ አጥባችሁ ወይም እንስራ ተሸክማችሁ እንደገባችሁ አይሆንም።

2. አምባሩን የምታደርጉበትን እጅ ለኩ። ብዙ ጊዜ የምንሠራበት እጅ ከሌላው ወፈር ይላል። «ሁለቱም እጄ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

3. በትንሿ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ ጎላ ያለች አጥንት አለች። አምባሩ የሚቀመጠው ከእሷ አለፍ ብሎ፣ ወደ ክርን በኩል ነው። የምትለኩትም እዚያው ነው።

4. ከደብተር ወረቀት አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቅደዱ። እጃችሁ ላይ ጠቅልሉት፤ ይንካ እንጂ አይጭነቅ። የሚገናኝበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። በክር አትለኩ፣ ክር ይለጠጣል።

5. አንድ ነገር ይቀራል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። የሰው እጅ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። መዳፋችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። አንጓውን ከግራና ከቀኝ በሁለት የክብሪት ቀፎ ያዙት፣ እጃችሁን አውጡና በቀፎዎቹ መካከል ያለውን ለኩ። ይሄ የጎን ስፋቱ ነው። ከዚያ ክንዳችሁን በጠርዙ አቁማችሁ ድገሙት። ይሄ ደግሞ ውፍረቱ ነው። ዙሪያው 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ እጅ ለምሳሌ 5.8 በ4.2 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉት፣ አንጥረኛው ቅርጹን የሚሰጠው በዚህ ነው። ድፍን ክብ ሆኖ የተሠራ አምባር እጅ ላይ ይሽከረከራል። ክፍቱ ወደ ላይ ይመጣና አጊጣችሁ ሳይሆን አምባር ተገልብጦባችሁ የወጣችሁ ትመስላላችሁ።

አሁን ሒሳቡ። የአምባሩ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በወረቀት በለካችሁት ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ጨምሩ። ከዚያ ለሚሰፋ አንድ ተኩል። ሰፊ አምባር ብዙ ሥጋ ስለሚሸፍን ቦታ ይፈልጋል። ከዚህ ላይ ክፍቱን ቀንሱ። ለቀጭን እጅ 2.5፣ ለወፍራም እጅ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በመጨረሻ ለብሩ ውፍረት ትንሽ ጨምሩ፤ ዝርግ ብር ሲጠቀለል የውስጡ ዙሪያ ከውጪው ያጥራልና። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው አምባር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። እጃችሁ 16 ነው፣ አምባሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። 16 ሲደመር 0.5፣ 16.5። ሲቀነስ 2.5፣ 14። ሲደመር 0.4፣ 14.4 ሳንቲ ሜትር። አንጥረኛው የሚቆርጠው የዝርግ ብር ርዝመት ይሄ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚመዝነው 22 ግራም ከምናምን ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። ክፍያው በግራም ከሆነ ያድናችኋል። አንድ ጠገራም ለአንድ አምባር የሚበቃው ለዚህ ነው፤ በሞረድና በማቅለጥ የሚባክን ቢኖርም 28 ግራም ውስጥ 22ቱ ይገኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከአያት የወረደ ጠገራ ካላችሁ አታቅልጡት። ሌላ ብር ግዙ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የካርቶን አምባር ሥሩ። የፓስታ ካርቶን ይሆናል። በርዝመቱና በስፋቱ ቁረጡት፣ በማንኪያ እጀታ እያሻችሁ አጉብጡትና እጃችሁ ላይ አድርጉት። ግማሽ ቀን ዋሉበት። ቡና ቅዱ፣ ስልክ አንሱ፣ ጻፉ። ሰፊ አምባር ያማረው ብዙ ሰው ካርቶኑን አድርጎ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐሳቡን ይቀይራል። እኔም ቀይሬያለሁ።

አንጥረኛው ዘንድ

ብር የሚሠራበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጨለም ያለ ነው። መጀመሪያ መስኮት የሚያጡ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው። ብር ሲግል የሚያወጣው ቀይ በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ሽማግሌው ዝርጉን ብር ፍሙ ላይ አድርገው ወናፉን ቀስ እያሉ ነበር የሚነፉት። ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አያነሱም። ልክ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲመጣ በጉጠት አንስተው ውሃ ውስጥ ጨመሩት። ጭስስ አለ። ብሩ የሚለሰልሰው 650 ዲግሪ አካባቢ ነው። 900 ሳይሞላ ደግሞ ይቀልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መለኪያ የሰውየው ዓይን ብቻ ነው።

ከለሰለሰ በኋላ መጀመሪያ የሚያጎብጡት ጫፎቹን ነው፣ መሀሉ በመጨረሻ ይመጣል። መሀሉ ቀድሞ ከታጠፈ ጫፎቹን ለማጉበጥ መያዣ ይጠፋል። የሚመቱትም በእንጨት መዶሻ ነው፤ ብረት ብሩን ይዘረጋዋል፣ ልኩንም ያበላሸዋል። ቅርጹን ከያዘ በኋላ እንደገና እሳት አይነካውም። ያ የመጨረሻው ምት ነው አምባሩን ጠንካራ የሚያደርገው። ለስልሶ የቀረ አምባር ሻንጣ ባነሳችሁ ቁጥር ይጣመማል።

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ጫፎቹ በሞረድ ክብ ይሁኑ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ። ሹል ጫፍ ነጠላና ሹራብ ይበላል። ሁለተኛ፣ የውስጡ ጠርዝም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ ከመወልወሉ በፊት ልሞክረው በሉ። ከተወለወለ በኋላ «ትንሽ ይጠብልኝ» ማለት ሥራ ማስደገም ነው፣ ማንም አይወደውም።

ሲሞከር እንዲህ እዩት። እጃችሁን ወደ ታች አራግፉ፤ መውደቅ የለበትም። የሌላው እጅ ትንሿ ጣት በአምባሩና በቆዳው መካከል መግባት አለባት። ወደ ክርን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢንሸራተት ጥሩ ነው፣ ዙሪያውን ግን መዞር የለበትም። ቡጢ ጨብጡ። ጫፎቹ ሥጋ ከቆነጠጡ ክፍቱ ጠቧል ማለት ነው።

ማድረግና ማውለቅ

ዘዴው አንድ ነው፤ አምባሩ አይከፈትም፣ እጅ ይዞራል። ክንዳችሁን በጠርዙ ወደ ክፍቱ አዙሩ። ከላይ የለካችሁት 4.2 የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ቀጭኑ ጎን ነው የሚገባው። አጥንቷ ላይ አትሞክሩ። ከእሷ አለፍ ብሎ ሥጋው ለስለስ የሚልበት ቦታ አለ። አንዱን ጫፍ በክንዳችሁ የውስጥ በኩል አሳርፉ፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ በላይ በኩል አንከባልሉት። ሥጋው ጨመቅ ይልና ዘው ይላል። ከዚያ አምባሩን አዙሩና ወደ ቦታው አምጡት። ማውለቁ የዚሁ ተቃራኒ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያስቸግራል። እጅ ላይ ቅባት ወይም ትንሽ የሳሙና ውሃ ይረዳል። በሦስተኛው ቀን ሳታስቡት ትለምዱታላችሁ። በሳምንቱም ካልለመዳችሁ ክፍቱ ጠቧል፣ ወደ አንጥረኛው መልሱት። ራሳችሁ አትጎትቱት።

እጅ ሲያብጥ፣ እርግዝና ላይም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ አውልቁት። የሚያድግ ልጅ ላይም ቶሎ ቶሎ እዩት።

በስጦታ የመጣ አምባር ትንሽ ቢሰፋስ? አንዴ፣ ለአንዴ ብቻ፣ በእጅ መጥበብ ይችላል። በሁለት እጃችሁ ግራና ቀኝ ትከሻውን ያዙ፤ ጫፎቹንም መሀሉንም አትያዙ። እኩል ጫን አድርጉና ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲጠብ አቁሙ። ሞክሩት። ፒንሳ አይገባም። ፈርጥ ያለበትን፣ ያረጀውን፣ ከዚህ በፊት የተበየደውን ግን በጭራሽ አትሞክሩ።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

እናቴ የክት አምባሯን በመንዝ ባና ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ለጥምቀት ስታወጣው እንደ ምጣድ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ዓይን አልነበረም፣ በጉ ነበር። ሱፍ ውስጥ ድኝ አለ። ብርን የሚያጠቁረው ደግሞ ድኝ ነው። አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ከሱፍ ጋር ተዘግቶ ዓመት ሲከርም ምን ይሁን?

ድኝ ያለበት ሌላም ብዙ ነው። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የኩበት ጭስ፣ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ። የዶሮ ወጥ ቀን አምባር መደርደሪያ ላይ ይዋል። በረኪና ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብሩን ራሱን ይበላዋል። ልብስ ስታጥቡ አውልቁት።

ብር በየቀኑ ሲደረግ እምብዛም አይጠቁርም። የቆዳና የልብስ መታሸት ይወለውለዋል። ለሳምንታዊ ጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ማድረቂያው አሮጌ ነጠላ ነው። ከእሱ የሚሻል የብር መወልወያ እኔ አላየሁም። በጥርስ ሳሙና የሚያጸዱ አሉ። ያበራል፣ ግን ይቧጭራል። አመድም ያው ነው።

በጣም ከጠቆረ ይሄን ሞክሩ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ። አምባሩን ፎይሉ ላይ አስቀምጡ፣ መነካካት አለባቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱና ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ አፍሱ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለዚህ ይበቃል። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ድኙ ብሩን እየለቀቀ ወደ አሉሚኒየሙ እየሄደ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል። አጥቡት፣ አድርቁት።

ማስጠንቀቂያ አለው። ጥርብ ቅርጽ ያለው አምባር ላይ በቅርጹ ውስጥ ያለው ጥቁር ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ቅርጹን የሚያሳየው እሱ ነው። ፎይሉ እሱንም ይወስደዋል። ያን ዓይነቱን በነጠላ ላዩን ብቻ ወልውሉ። ፈርጥ ያለበትንም ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቱ።

ለማስቀመጥ በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉት። አንድ ቁራጭ ጠመኔ አብራችሁ ጨምሩ፣ እርጥበት ይመጥጣል። ጋዜጣ፣ ቆዳ፣ ሱፍ አይሆንም። አምባር በአምባር ላይ አትደርድሩ፣ ይፋፋቃሉ።

ስንጥቅ ስታዩ

በዓመት አንዴ፣ ዘመን መለወጫ ላይ ቢሆን አይረሳም፣ የአምባሩን መሀል በደንብ እዩት። የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፣ ከክፍቱ በተቃራኒ ያለው ቦታ። ትንሽ የጥጥ ብጣሽ ውሰዱና ከውስጥም ከውጪም ዳር እስከ ዳር አሹት። ጥጡ ከተያዘ ዓይናችሁ ባያየውም ስንጥቅ አለ። እንዲህ ከሆነ አታድርጉት፣ በእጅም አታቅኑት። ስንጥቅ በትንሽ ብየዳ ይድናል። ከተሰበረ በኋላ ግን ሁለቱ አፍ በሞረድ ስለሚስተካከል ከርዝመቱ ጥቂት ይሄዳል።

የእኔው የተበየደው እንዲያ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አጥሯል። መሀሉ ላይ ከሌላው ቀድሞ የሚጠቁር ቀጭን መስመር አለ፤ የብየዳው ብር ቅይጡ ይለያል። ሽማግሌው ሲመልሱልኝ እጄን ይዘው፣ ክንዴን በጠርዙ አዙረው ራሳቸው አደረጉልኝ። «እንዲህ ነው የሚገባው» አሉኝና አውልቀው ሰጡኝ፤ «አሁን አንተ አድርገው፣ ልይህ።»